ያማሴ የነፈሰበት ዓመት

ካሚዛዋ፣ ኢዋቴ
ሜይ 23 ቀን 1993

አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? የእማዬ ጉልበትስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። የደብዳቤ ወግ ነውና ስለ አየሩ ልጀምር። እናንተ ጋ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ጥላ ሲፈልግ ይውላል፤ እኛ ጋ ግን የቼሪው አበባ የረገፈው ገና በቅርቡ ነው፣ ጠዋት ጠዋትም ምድጃ እናነዳለን። ሳቅ፣ ሳቅ። ስትስቅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አልመጣም።

"ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልያዘች ሴት፣ ጭጋግ ውስጥ ከአንድ ድንጋይ ሽማግሌ ጋር ተቀምጣ ምን ትሠራለች?" ብለሃል። ላም ታረባለች፣ አባዬ። አንተው አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ? ከሹዞ ጋር ስምንት ዓመት ያረባኋቸው ላሞች እሱ ስለሞተ ላም መሆናቸውን አልተዉም።

እውነቱን ግን ልንገርህ፣ ቆይተህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። አማቴ ታሜጂ፣ የሹዞ አባት፣ ከብቱን ሊሸጡት ያስባሉ። ከባሕር ማዶ ርካሽ ሥጋ መግባት ከጀመረ ወዲህ የእኛን ቀያይ ላሞች የሚፈልግ ጠፍቷል። ገበያው የሚያብደው በናንተ ጥቁር ከብት ነው፣ በዚያ ጮማው ከሥጋው ጋር በተዘነቀው። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ በረታቸውን ዘግተዋል። እኔ ግን ለመንኳቸው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ጨረሱና "ላሞቹ ከተራራ እስኪወርዱ ልይሽ" አሉኝ። የተባለው ይሄው ነው። ኦክቶበር ላይ ላሞቹ ሲወርዱ "ይሸጡ" ካሉ እዚህ ምንም ሥራ የለኝም፤ ሻንጣዬን ይዤ እመጣልሃለሁ፣ አንተም አሸነፍክ ማለት ነው። "ይቅሩ" ካሉ ግን ቤቴ ይሄ ነው። ስለዚህ እስከዚያ "ነይ" የምትለዋን ቃል አስቀምጣት፣ አትበላሽም።

ላሞቹን ሰኞ ዕለት ተራራ አወጣናቸው። እኔ ከፊት መሪዋን ኦታማን ይዤ፣ አማቴ ከኋላ ሆነው፣ አሥራ አራቱን ከነጥጃዎቻቸው በመንደሩ መሃል ስንነዳ አሮጊቶቹ ሁሉ ደጅ ወጥተው ቆሙ። ላይ ስንደርስ በሬውን ለቀቅንባቸው። አንተ ብታየው ትጮህ ነበር! ገመድ የለ፣ ሐኪም የለ፣ መርፌ የለ፤ በሬው እየተንጎራደደ ራሱ ይመርጣል። እስከ መከር ድረስ ሣር ሲግጡ ይኖራሉ፣ ጥጃውም ከእናቱ ሥር አይለይም። በረዶው ሲቃረብ ወደ መንደር ይወርዳሉ። እዚህ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚደረገው።

ደግሞ እባክህ ስልክ አትደውል። ስልኩ ያለው አማቴ ከሚተኙበት ክፍል ነው፤ አንተ ደግሞ ስልክ ስትይዝ ከካጎሺማ በድምፅህ ብቻ ልትደርስ ነው የምትሞክረው። ጻፍልኝ።

ልጅህ ቺዙ


ኦሱሚ፣ ካጎሺማ
ጁን 8 ቀን

ለቺዙ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ "ድንጋይ ሽማግሌ" የሚለው ጋ ደርሼ ስስቅ "ምን ያስቅሃል፣ አንተም ያው ነህ፣ የምትለየው በጩኸትህ ነው" አለችኝ። ጉልበቷ ደህና ነው። ምላሷ ግን ከጉልበቷ ይበረታል።

እሺ፣ እስከ ኦክቶበር አልጠራሽም። ቃሌ ቃል ነው። ዝም በል ግን አላልሽኝም፣ ስለዚህ እናገራለሁ።

የበሬው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እንዲህ ያለ ጉድ በእኔ በረት ቢሰማ የከብት አርቢዎች ማኅበሩ ሰዎች ያብዳሉ። የላሜን የኪኩን ብትጠይቂኝ፣ ከማን እንዳረገዘች፣ አያቷ ማን እንደነበረች፣ ቅድመ አያቷ በየትኛው ውድድር እንዳሸነፈች በቃሌ እነግርሻለሁ። ጠዋት ጀርባዋን እቦርሽላታለሁ፣ ማታ ከእኔ ጋር ሬዲዮ ትሰማለች። የእናንተዎቹ ግን ጭጋግ ውስጥ ተለቀው ጠፉ ነው የምትይኝ። "በሬው አንድ ስለሆነ አባትየው ይታወቃል" ትይኝ ይሆናል። እሱስ ልክ ነሽ።

ሥጋውን ደግሞ አትንገሪኝ። ምስኪኑ ሹዞ አንዴ ያመጣልንን በልቼ መንጋጋዬ ታሞ ሰነበተ። "እያኘክ ሲቆይ ጣዕሙ ይመጣል" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ መጥቷል። ይህን ግን ለአማትሽ አትንገሪው።

በፖስትካርድሽ ሩዝ ለምን አትሞክርም ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀልድሽን ነው? እዚያ ስትቆዪ አገርሽን ረሳሽው እንዴ? የእኛ አፈር እሳተ ገሞራው የተፋው ነጭ አሸዋ ነው፤ ባሕር ብታፈሺበት ይጠጣዋል። ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ መኖር ይፈልጋል። ስኳር ድንች ግን እግሩ ውሃ ከያዘ ይበሰብሳል። እሱና ይህ መሬት የተጋቡ ናቸው። አውሎ ነፋሱ ይምጣ፣ ቅጠሉን ይውሰድ፣ የእኔ ንብረት ከመሬት በታች ነው። ቅጠሉ ለኪኩ፣ ሥሩ ለእኛ፣ የተረፈው ለአረቄ። ከዚህ የተሻለ አገር የት አለ? ተራራው እናትሽ ባሰጣችው ልብስ ላይ አመዱን ይረጫል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ክፍልሽ ተጠርጓል። ነይ ማለቴ አይደለም፣ ተጠርጓል ማለቴ ነው።

አባትሽ ዮሺሞሪ


ካሚዛዋ
ጁላይ 2 ቀን

አባዬ፣

ባለፈው ካርዴ ላይ ያማሴ የምትዪው ምንድን ነው ብለሃል። ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ የብርድ ነፋስ ነው። ነፋስ ይባል እንጂ አይጮህም፤ ቀስ ብሎ ገብቶ፣ ጭጋጉን ይዞ፣ እንደማይሄድ እንግዳ ይቀመጣል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎበኘናል፣ ዘንድሮ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ነው የመጣው። ጁላይ ገብቶ እኩለ ቀን ላይ ትንፋሼ ይታየኛል ብልህ ታምነኛለህ?

አማቴ የሩዙን ማሳ በጥልቅ ውሃ ሞልተውታል። ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ለሩዙ እንደ ብርድ ልብስ ነው። በየቀኑ ዳር ቆመው ያዩታል። ስፒናቹ ግን በዚህ አየር ደስ ብሎታል፤ ቅጠሉ እንዲህ ወፍሮ አያውቅም። የተራራው ሣርም እንደዚሁ። ያማሴ የሚጠላውም የሚወደውም አለው።

ልቤን የበላው ሌላ ነው። ዘግይተው የተወለዱ ሦስት ጥጃዎች አሉ፣ ቀጫጭኖች። ትናንት ተራራ ወጥቼ አየኋቸው። ጸጉራቸው ውሃ ጠጥቶ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል፣ እናቶቻቸው ሥር ተጠግተው ይንቀጠቀጣሉ። እዚህ ጥጃ ስም አይሰጠውም፤ እኔ ግን ያንተ ልጅ ስለሆንኩ አላስችል ብሎኝ ትንሿን ሞሞ ብያታለሁ። እጄን ልሳ ስታበቃ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ አባዬ። አንጀቴን በላችው።

አማቴ የሉም፤ ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሞሪዮካ ከተማ ሄደዋል፣ የሚመለሱትም በወሩ አጋማሽ ነው። ጎረቤት እንዳልጠይቅ ከብት ያለው ጎረቤት አልቀረም። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ብትሆን ግን ምን ታደርግ ነበር?

ቺዙ


በፈጣን ፖስታ
ኦሱሚ፣ ጁላይ 6 ቀን

ቺዙ፣

ሰላምታው ሌላ ቀን ይደርሳል። ሦስቱን ጥጃዎች ዛሬውኑ አውርጃቸው። በረቱን ዝጊ። ስንጥቁን ሁሉ በገለባ ድፈኚው፣ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይቀር። ደረቅ ድርቆሽ ከሥራቸው አንጥፊ፣ ወፈር አድርጊው። እናትሽ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የሰፋቻቸውን ጃኬቶች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አልብሻቸው። ወተቱን እያሞቅሽ በጡጦ ስጫቸው።

ከብት ሳረባ አርባ ዓመቴ ነው። በብርድ የሞተብኝ አንድም ጥጃ የለም፣ አንድም። እኔ ያልኩሽን አድርጊ፣ ከዚያ ተኚ።

አባትሽ


ካሚዛዋ
ጁላይ 24 ቀን

አባዬ፣

ለዘገየሁበት ይቅርታ። "ጥጃዎቹ ሞቃቸው ወይ?" እያልክ ሁለቴ ጽፈሃል። አዎ፣ ሞቃቸው። የታመሙትም ሞቋቸው ነው።

ያልከኝን አንድም ሳላስቀር አድርጌ ነበር። ጃኬቶቹ ልክ ናቸው፣ እማዬን እጇን ሳምልኝ። በረቱ ታፈነ፣ ጥጃዎቹም ደረቁ፣ እኔም አንተ እንዳልከው ተኛሁ። ከዚያ ግን ሳል ጀመሩ። ግድግዳው ከውስጥ ያልበው ነበር፤ የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። እኔ ደግሞ ሳል ስሰማ ብርድ ነው እያልኩ ሌላ ገለባ እጨምራለሁ። እናቶቻቸው ተራራው ላይ ሆነው ቀንም ማታም ሲጣሩ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

አማቴ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ከአውቶቡስ ወርደው ቀጥታ ወደ በረቱ መጡ። በሩን ከፍተው ቆሙ። አልጮሁብኝም፣ ምነው ጮኸውብኝ በነበር። መጥረቢያውን አንስተው የባሕሩን ወገን ግድግዳ ሳንቃ በሳንቃ እየመቱ ጣሉት፣ ጭጋጉም ገባ። ከዚያ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ፈትተው አጣጥፈው ሰጡኝ። "ይሄ ከብት ብርድ አይፈራም" አሉኝ። "ብርዱን የእናቱ ወተትና ጸጉሩ ይችሉለታል። የሚፈራው የታፈነ የራሱን ትንፋሽ ነው።"

ሁለቱ ተርፈው ወደ እናቶቻቸው ተመልሰዋል። ሞሞ ግን ሞተች። ተራራው ላይ የቀሩት አሥራ አንዱ፣ በጭጋግ ሲታጠቡ የከረሙት፣ አንድም አልሳለም።

ማታ እራት ላይ አማቴ "የከብት ነጋዴውን ኦክቶበር ላይ ና ብዬዋለሁ" አሉኝ። ቾፕስቲካቸውን አስቀምጠው ነው ያሉት። እኔም "ና ማለት ሽጥ ማለት አይደለም" አልኳቸው። በዚያ በአንዱ ዓይናቸው ዘለግ አድርገው አዩኝና ሩዛቸውን ቀጠሉ።

አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። አሁን ግን አብቅቷል። ዛሬ ብርድ ልብሴን ይዤ ተራራው ላይ ወዳለችው ጎጆ እወጣለሁ። ላሞቹ እስኪወርዱ ድረስ እዚያ ነኝ፤ ለቤቱ ሥራ ብቻ ቀን ቀን እወርዳለሁ። ይህን ከብት ካላወቅኩት አውቄው እወርዳለሁ። ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩልህ። ያልከኝ አንተ ነህ፣ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።

ቺዙ


ኦሱሚ
ጁላይ 31 ቀን

ለቺዙ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። እናትሽ ጮክ ብለህ አንብብ አለችኝ፣ እምቢ አልኳት፣ ነጥቃኝ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

የነገርኩሽ ለዚህ አገር ልክ ነው። እዚህ ብርድ ማለት ጃንዋሪ ውስጥ በደረቅ ሌሊት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚሄድ ነገር ነው፤ በሩን ዘግተሽ ታሳልፊዋለሽ። ወር ሙሉ የሚቀመጥ እርጥብ ብርድ በሕይወቴ አላየሁም። ያላየሁትን አላውቅም ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ያደረግኩት እኔ ነኝ ብለሽ አትሸፋፍኚልኝ። ወንድ ልጅ ነኝ፣ ጥፋቴን እችላለሁ።

ስለዚህ ይህን ከታች ያለውን ለአማትሽ አንብቢለት። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።

"ታሜጂ ሆይ፣ ጥጃዋን የገደልኳት እኔ ነኝ እንጂ ልጄ አይደለችም። የተናገርኩትን ሁሉ አድርጋለች፤ የተማረችው አባቷን መስማት ነውና። በዚህ አትፍረድባት። ልትሰድበኝ ከፈለግህ ጻፍልኝ፣ ዝም ብለህ አትቀመጥ። ዮሺሞሪ።"

አንቺም ጎጆው ውስጥ እግርሽን አታርጥቢ።

አባትሽ


ካሚዛዋ፣ ከተራራው
ሴፕቴምበር 7 ቀን

አባዬ፣

ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። "ጻፍልኝ" የሚለው ጋ ስደርስ "ድምፁ ትልቅ ነው አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። "በጣም" አልኳቸው። "እጁም ትልቅ ነው የሚመስለው" አሉና ወጡ። ቁጣ ይሁን ሌላ አላውቅም። መሳደቢያ ደብዳቤ ግን አትጠብቅ፣ ለሹዞ ሠርግ እንኳ የጻፉት አንድ መስመር ነው።

የሙታን በዓል ዕለት የሹዞ ነፍስ ወደ ቤት መንገዱን እንድታገኝ ደጃፍ ላይ እሳት አነደድን። ጭጋጉ እንጨቱን ስላረጠበው ጢሱ እንጂ ነበልባሉ አልታይ አለ፤ አማቴ "እሱ መንገዱን ያውቀዋል" አሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስለ እሱ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሩዙ አልቋል፣ አባዬ። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፣ ያምራል። ዛላው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ፍሬ የያዘ ሩዝ በዚህ ጊዜ አጎንብሶ መሬት መሬት ያያል፤ የእኛ ግን ባዶ ስለሆነ ኩሩ ነው። ጥልቁ ውሃም አላዳነውም። በመንደሩ አጎንብሶ የታየ ማሳ የለም።

ላሞቹን ግን መጥተህ ብታያቸው! ያው ጭጋግ ነው ሣሩን ያለመለመው። ከጎጆዋ ሆኜ አሁን በድምፃቸው እለያቸዋለሁ። ኦታማ ከሁሉ ቀድማ ነፋሱ ሊዞር ሲል ታውቃለች፤ መንጋውን ይዛ ወደ ጥዱ ጫካ ትገባለች፣ ጥጃዎቹን መሃል አድርገው ይተኛሉ። ያን ሁሉ ገለባ እኔ የደፈንኩት ለምን ነበር? እነሱ በረታቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ሁለቱ የተረፉት ዛሬ ከጓደኞቻቸው አይለዩም፣ ወፍረዋል። አማቴ ትናንት ወጥተው አዩአቸው። አንዱን ጎኑን ዳበሱት፣ የያዙልኝን ምሳ አስቀምጠው ወረዱ። ነጋዴው ግን ሊመጣ ነው፣ አልቀረም።

በሬዲዮ እናንተ ጋ ትልቅ አውሎ ነፋስ ገባ ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ናችሁ? እማዬስ? ቶሎ ጻፍልኝ።

ቺዙ


ኦሱሚ
ሴፕቴምበር 18 ቀን

ለተወደድሽው ልጃችን ለቺዙ፣

ሰማዩ ከፍ ባለበት በዚህ የመከር ወራት እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱ በርትቶ እንዳይጎዳሽ ከልብ እንመኛለን። እኛም ሁላችንም በሰላም አለን። የእናትሽ ጉልበት እየተሻለው ነው። አውሎ ነፋሱ አልፏል፤ ዝናቡም አባርቷል፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል። ስኳር ድንቹ ከመሬት በታች ስለሆነ ምንም አልሆነም፣ መቆፈር ጀምረናል። የጎረቤት የቴምር ዛፍ የምትመስለው ፓልም ወድቃለች። እናትሽ የፐርሲሞን ፍሬ ልጣ ልታደርቅ ክር አዘጋጅታለች።

አማትሽ ላሞቹን ቢሸጣቸው እንኳ ወዲያው ለመምጣት አትቸኩዪ። ሰው ከሚኖርበት ቦታ ቶሎ መነሳት የለበትም። እስከ አዲሱ ዓመት ብትቆዪ ምን ይላል? ክፍልሽም ለጊዜው ዕቃ ተቀምጦበታል።

ለአማትሽ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጤናሽን ጠብቂ።

አባትሽ ዮሺሞሪ


ካሚዛዋ
ሴፕቴምበር 26 ቀን

አባዬ፣

ምን ሆነሃል?

አታታልለኝ። አንተ በሕይወትህ "ከልብ እንመኛለን" ብለህ ጽፈህ አታውቅም። ሰማንያ ጊዜ ነይ ነይ ያልከኝ ሰውዬ ዛሬ አትቸኩዪ ትለኛለህ፤ ዕቃ ተቀምጦበታል ትለኛለህ። እሱንስ ልተወው።

የመከር ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ፣ ብሩሹን እጄ ላይ ይዘህ። "ሰማዩ ከፍ ብሎ ፈረስ በሚሰባበት ወራት" ነው የሚባለው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚጽፈው፣ እጅ ራሱ ይቀጥለዋል። አንተ ሰማዩን ጽፈህ ፈረሱን ተውከው። የሚሰባ እንስሳ በብዕርህ ላይ ማምጣት አልቻልክም። ሁለት ገጽ ጽፈህ ስለ ኪኩ አንዲት ቃል የለችም፣ ኪኩ ደግሞ በዚህ ወር ነው የምትወልደው።

ከብቱ የታለ? እስክትመልስልኝ ድረስ እጠብቃለሁ። ዳግመኛ ሰማይ ሰማይ ካልክብኝ ግን ባቡር ላይ እወጣለሁ።

ቺዙ


ኦሱሚ
ኦክቶበር 5 ቀን

ቺዙ፣

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሳነብላት "አላልኩህም?" አለች። ፈረሱ እንደጎደለ እሷም ሳታይ አልቀረችም፣ ዝም አለችኝ እንጂ።

ከበረቱ ጀርባ ያለው ነጭ ገደል በአውሎ ነፋሱ ዕለት ወረደ። ሙሉውን ኦገስት ዘንቦ ነበር፣ አሸዋው ጠጥቶ ጠጥቶ በቃው። ባሕር ብታፈሺበት ይጠጣዋል ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። ከሰባቱ ላሞች አምስቱ ከሥሩ ቀሩ። ኪኩ ከነሆዷ። ታስረው ስለነበር መሸሽ አልቻሉም። ከጎረቤት ጋር ሆነን በእጃችን ቆፈርን፣ በወዲያኛው ጥግ የታሰሩት ሁለቱ ብቻ ተረፉ። አሁን በአንቺ ክፍል ውስጥ ናቸው። ዕቃ ተቀምጦበታል ያልኩሽ ይህን ነው፤ እናትሽ ምንጣፉን አንስታ ገለባ አነጠፈችላቸው።

አሁን ስሚኝ፤ የምነግርሽ እንደ አባት ነው።

እንዳትመጪ። ሜይ ላይ ነይ ያልኩሽ ቤቴ ሙሉ ስለነበር ነው፣ ላካፍልሽ ነው። ፈርሼ ልጄን አልጠራም። ይህን ከሰማሽ አዝነሽ ትመጫለሽ፣ ላሞችሽን ትተሽ ትመጫለሽ፣ ከዚያም ዕድሜሽን ሙሉ ያንን ተራራ ስታስቢ ትኖሪያለሽ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። አማትሽ "ይሸጡ" ቢልሽ ያኔ ነይ፣ በደስታ እቀበልሻለሁ። "ይቅሩ" ካለሽ ግን ለእኔ ብለሽ አንድ እርምጃ እንዳትራመጂ። ብትመጪ በር አልከፍትልሽም። እናትሽ ትከፍትልሻለች፣ እሱን አውቃለሁ፣ እኔ ግን አልከፍትም።

አልተሰበርኩም። አምስት ላም አጣሁ እንጂ ስኳር ድንቹ አለ፣ ሁለት ላሞች አሉ፣ በረቱንም ከገደሉ ራቅ አድርጌ መልሼ እሠራዋለሁ። እንጨቱን አስቆርጬአለሁ። ዕድሜዬ ስድሳ ሦስት ብቻ ነው። ለብቻዬ ትንሽ ጊዜ ይወስድብኝ ይሆናል፣ እንጂ ይቆማል።

አባትሽ


ካሚዛዋ
ኖቬምበር 3 ቀን

አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ ቀድሞ እንዲደርስህ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ የእጅ ጽሑፌን ይቅርታ አድርግልኝ።

ስለ ኪኩ አልቅሻለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ከክፍሌ ላሞቹን እንዳታስወጣቸው፣ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ይገባል።

ላሞቹ ባለፈው ሳምንት ወረዱ። ኦታማ ከፊት፣ እኔ ከጎኗ። አሥራ ሦስት ጥጃ በእግሩ ገባ፣ ሁሉም እንደ ከበሮ የተወጠረ። አማቴ በበረቱ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ሲያልፍ በእጃቸው ነኩ።

ማታ፣ ከደረሰኝ ጀምሮ በጉያዬ የያዝኩትን ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፣ ዓይናቸው ገና ፊደል አይለይም። ስጨርስ "በረቱ እንጨት ነበር ወይስ ብረት?" ብለው ጠየቁኝ። "እንጨት" አልኳቸው። "ለብቻው ነው?" አሉ። "ለብቻው ነው" አልኳቸው። ተነስተው ወጡ፣ ከዕቃ ቤቱ ሲንኳኳ ሰማሁ። የነጋዴው መምጫ በማግስቱ ስለነበር ገመዶቹን የሚያዘጋጁ መሰለኝ። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ ጋ ልምጣ ብዬ ወሰንኩ፣ መልሼ ደግሞ ከኦታማ ጋር መቅረትን ወሰንኩ፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ጠዋት ነጋዴው መጣ። መኪናውን አቁሞ "እንግዲህ አባት፣ የትኞቹን ነው የምጭነው?" አላቸው። አማቴ መጋዝ እየሞረዱ ነበር፣ ቀና አላሉም። "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ" አሉት። "ባለቤቷ እሷ ናት።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዞርኩ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ! ከዚያ "አይሸጡም" አልኩት። ድምፄ ያንተን ይመስል ነበር፣ አባዬ፣ ውሻው ሁሉ ጮኸ።

ነጋዴው ሲሄድ ነው መጋዙን ልብ ያልኩት። ሩዝ ባልያዘ ዓመት የዚህ አገር ወንዶች የበረዶውን ወራት ወደ ደቡብ ለሥራ ይወርዳሉ፤ አማቴም በወጣትነታቸው ስንት ያማሴ ቶኪዮ ውስጥ እንጨት ሲጠርቡ አሳልፈዋል። ዘንድሮ መንደሩ ሁሉ ሊሄድ ነው። "እርስዎም ቶኪዮ ነው?" አልኳቸው። "ካጎሺማ" አሉኝ። መጋዙን፣ መሮውን፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩ። አሥር ዓመት ባሉበት ቤት ስኖር ከሞሪዮካ አልፈው ሲሄዱ አላየሁም። ለእኔም "ከብቱን ጠብቂ" እንኳ አላሉኝም። የራሴን ከብት ጠብቂ ሊሉኝ ነው እንዴ?

አሁን አስተናጋጅ ሆነህ አታስቸግራቸው። ምግባችሁ ለእሳቸው አይሆንም፣ ስኳር ስኳር ይላል፣ ዝም ብለው ሳይበሉ ይነሳሉ፤ እማዬ ጨው ትጨምርላቸው። ሙቀት አይችሉም፣ የእናንተ ዲሴምበር ራሱ ያልባቸዋል። ሲሠሩ አታውራቸው። ካወራሃቸውም መልስ አትጠብቅ፣ ሰምተውሃል። ማታ አረቄህን አቅርብላቸው፣ እሱን እምቢ አይሉም።

ማክሰኞ ከሰዓት ይደርሳሉ። ልረዳህ መጣሁ አይሉህም፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው አይወጣም። በርህ ላይ ዕቃቸውን ይዘው ቆመው "ሥራ አለ ወይ?" ብለው ይጠይቁሃል።

አለ በላቸው።

ልጅህ ቺዙ